ከታች የሚውሉት ዓሦች ምን ይብሉ?

ቤትዎ የመስታወት የዓሣ ገንዳ ካለ፣ አሸዋው ላይ የምትርመሰመስ ወይም መስታወቱን በአፏ ይዛ የምትውል አንዲት ዓሣ አትጠፋም። ሲገዟት ሻጩ «ይቺ ገንዳውን ታጸዳልዎታለች» ብሎዎት ይሆናል። አከታትሎም «ለብቻዋ ምግብ አያስፈልጋትም፤ የሌሎቹን ትርፍራፊ ትለቃቅማለች» ይላል። ይህን አምነው የወሰዱ ብዙ ሰዎች ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዓሣዋን ሞታ ያገኟታል። ውኃው ጥሩ ነው፣ ሌሎቹ ዓሦች ደህና ናቸው፣ የበሽታ ምልክትም አልታየባትም። የገደላት ረሃብ ነው።

ከታች የሚኖሩ ዓሦች እንደ ማንኛውም ዓሣ የራሳቸው ምግብ ያስፈልጋቸዋል፤ እሱም በሚነቁበት ሰዓትና በሚደርሱበት ቦታ መቅረብ አለበት። ገንዳ ያጸዳሉ የሚባለውም ልክ አይደለም። አልጌ የሚበሉት እንኳ (አልጌ ማለት መስታወቱና ድንጋዩ ላይ የሚበቅለው አረንጓዴ ወይም ቡናማ ልባጥ ነው) የበሉት ተመልሶ ኩስ ሆኖ እዚያው ውኃ ውስጥ ይወጣል። ቆሻሻውን ከገንዳው የሚያወጣው በጎማ ቱቦ እየሳበ ውኃ የሚቀይር ሰው ብቻ ነው።

ታዲያ ምን ልስጣት? ይህን ለመመለስ መጀመሪያ ያለችዎት የትኛዋ እንደሆነች ማወቅ ይገባል፤ የአንዷ ምግብ ለሌላዋ አይሆንምና። ስሟን ባያውቁት አፏን ይመልከቱ።

አፏ ወደ ታች የዞረ ሆኖ ዙሪያውን አጫጭር ሪዝ ካላት አሸዋ ፈታሽ ናት። በብዛት የሚሸጠው ኮሪዶራስ የሚባለው የደቡብ አሜሪካ ዓሣ ነው። ርዝመቱ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ሰውነቱም በቅርፊት ፈንታ ጥሩር በሚመስል የአጥንት ሽፋን ተጠብቋል። ኮሪዶራስ አሸዋውን ወደ አፉ ያስገባል፣ የሚበላውን ያስቀራል፣ የቀረውን በስንጥቡ በኩል ያስወጣል። በተፈጥሮው የሚፈልገው ትላትል፣ የነፍሳት እጭና ሌሎች ጥቃቅን እንስሳት ነው። አልጌ አይበላም። እባብ መሰል ቀጭን የሆነውና ድንጋይ ሥር የሚደበቀው ኩሊ ሎችም አመጋገቡ ከዚህ ጋር ይቀራረባል።

አሸዋ ካልን አይቀር፣ ገንዳዎ ወለሉ ላይ ጠርዙ ስለታም የሆነ ጠጠር ካለው ኮሪዶራስ አያስገቡ። ጠጠሩና በመካከሉ የሚበሰብሰው ምግብ ሪዙን እየበላው ይሄዳል። ሪዝ የሌለው ኮሪዶራስ ደግሞ ምግቡን ማግኘት ይከብደዋል። ደቃቅና ለስላሳ አሸዋ ታጥቦ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ቢነጠፍ ይበቃዋል።

አፏ እንደ መምጠጫ መስታወት ላይ የሚጣበቅ ከሆነ ደግሞ ፋቂ ናት። ከእነዚህ ዋናው ፕሌኮ ይባላል። ከንፈሩ ተጣብቆ ይይዛል፤ ከንፈሩ ውስጥ ያሉት ረድፍ ረድፍ ጥቃቅን ጥርሶች ልባጡን ይፍቃሉ። አንጀቱ ረጅምና የተጠቀለለ ነው፤ ምክንያቱም አትክልት ነክ ምግብ ጉልበት የሚሰጠው ብዙ ሲበላና ቀስ ብሎ ሲፈጭ ነው። እንደ በግ ሲግጥ ውሎ ሲግጥ የሚያድር እንስሳ ነው ማለት ይቻላል። ለዚህም ነው በሁለት ቀን አንድ ጊዜ የሚጣል አንድ እንክብል የማይበቃው።

በፕሌኮዎች መካከል ያለው ልዩነት ግን ሰፊ ነው። «ተራ ፕሌኮ» ተብሎ በ5 ሴንቲ ሜትሩ የሚሸጠው አድጎ ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ይሆናል፤ 40 የሚያልፍም አለ። ብሪስልኖዝ የሚባለው፣ ወንዱ አፍንጫው ላይ ጭራሮ መሰል ነገር የሚያበቅለው፣ ከ10 እስከ 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ይቆማል። ለቤት ገንዳ የምመክርዎት ብሪስልኖዝን ነው። ምግቡ ያነሰ ነው፣ ኩሱም ያነሰ ነው፣ መስታወቱን ደግሞ በትጋት ይፍቃል።

ሦስተኛዋ ኦቶሲንክለስ ናት፤ ባጭሩ ኦቶ ይሏታል። አራት ሴንቲ ሜትር ገደማ የምትሆን፣ ጎኗ ላይ ጥቁር መስመር ያላት ትንሽ ዓሣ ናት። በብዛት የምትሞተውም እሷው ናት። ለገበያ ከሚቀርቡት ኦቶዎች አብዛኞቹ ከደቡብ አሜሪካ ወንዞች የተጠመዱ ናቸው። ከወንዝ ወደ ማቆያ፣ ከማቆያ ወደ አውሮፕላን፣ ከዚያ ወደ ሱቅ ሲሄዱ ለብዙ ቀናት ሳይበሉ ይቆያሉ። እርስዎ ጋ ሲደርሱ ሆዳቸው ገብቷል። አዲስ የተሞላ ገንዳ ውስጥ ከገቡ ደግሞ የሚፍቁት ነገር አያገኙም። እነሱ የሚኖሩት ባዮፊልም በሚባለው ነገር ነው፤ ይህም ድንጋይና ቅጠል ላይ የሚፈጠር፣ ስንዳብሰው የሚያሙለጨልጭ ስስ የአልጌና የባክቴሪያ ሽፋን ነው። ሽፋኑ እንዲጠነክር ገንዳው ቢያንስ ሁለት ወይም ሦስት ወር መቆየት አለበት። ኦቶ ከፈለጉ ገንዳው ሲበስል ይግዙ። ሲገዙም ሱቁ ውስጥ መስታወት ላይ ስትጣበቅ ሆዷን ይመልከቱ፤ ክብ ያለችውን ይምረጡ፣ ሆዷ ወደ ውስጥ የገባውን ይተዉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ ልጨምር። «የቻይና አልጌ በል» ተብሎ የሚሸጥ ዓሣ አለ። ትንሽ ሳለ አልጌ ይፍቃል። ሲያድግ ግን ጠበኛ ይሆናል፤ ሰፋፊ ጎን ባላቸው ዓሦች ላይ ተጣብቆ ቆዳቸው ላይ ያለውን ዝልግልግ መከላከያ ይመጥጣል። ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይም ያድጋል። «የሲያም አልጌ በል» ከሚባለው ጋር ስሙ ስለሚመሳሰል ሰዎች ይሳሳታሉ። የሲያሙ ጥቁር መስመሩ ከአፍንጫው ተነሥቶ እስከ ጅራቱ ክንፍ ጫፍ ይዘልቃል፤ ለገንዳም የሚሻለው እሱ ነው።

ፋቂ ዓሦች የሩቅ አገር ብቻ አይደሉም። በጣናና በብዙ የኢትዮጵያ ወንዞች ውስጥ «ጋራ» በሚል ሳይንሳዊ ስም የሚታወቁ ትናንሽ ዓሦች አሉ፤ ከአፋቸው ሥር ባለ ክብ መጣበቂያ ጅረት ውስጥ ድንጋይ ይዘው አልጌ ይፍቃሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አበበ ጌታሁን ከሜላኒ ስቲያስኒ ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2007 ከኢትዮጵያ ውኃዎች አምስት አዳዲስ የጋራ ዝርያዎችን ለሳይንስ አስተዋውቀዋል። በክረምትና በበጋ፣ በጎርፍና በጥራት ጊዜ ድንጋዩ ላይ ሁልጊዜ የሚፋቅ ስላለ ወንዙ ይመግባቸዋል። መስታወት ገንዳ ግን ወንዝ አይደለም፤ ሁለት ክንድ የምታህል መስታወት አንድ ብሪስልኖዝ በጥቂት ሌሊት ፍቆ ይጨርሳታል።

«ገንዳዬ ግን አልጌ ሞልቶታል፤ ለምን አይበሉትም?» ይሉ ይሆናል። ሁሉም አልጌ አይበላም። ለስላሳው ቡናማና አረንጓዴ ልባጥ ይበላል። ቅጠል ጫፍ ላይ እንደ ጥቁር ጢም የሚያድገውን ብዙዎቹ አይነኩትም፤ የሲያሙ ይሞክረዋል። ሰማያዊ አረንጓዴ ሆኖ እንደ ጨርቅ የሚላጠውና የሚሸተው ደግሞ በእርግጥ የባክቴሪያ ዘር ነው፤ እሱን የሚበላልዎት ዓሣ የለም። በእጅ ያውጡት፣ መብራት የሚበራበትን ሰዓት ይቀንሱ።

አሁን ወደ ወጥ ቤት እንግባ። ለፋቂ ዓሦች ዋናው ርካሽ ምግብ ያለው እዚያ ነው።

ዝኩኒ ይውሰዱ። በደንብ ይጠቡት፤ ፀረ ተባይ መድኃኒት ተረጭቶበት ሊሆን ስለሚችል ጥርጣሬ ካለዎት ልጣጩን ያንሡት። የጣት ውፍረት ያህል ክብ አድርገው ይቁረጡ። የፈላ ውኃ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ለብ ለብ ያድርጉትና ወዲያው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይንከሩት። ጨው፣ ዘይትና ቅመም ፈጽሞ አይንካው። ለብ ለብ የሚደረገው ሥጋው ለስልሶ ለጥቃቅን ጥርስ እንዲመች፣ እንዲሁም ውስጡ ያለው አየር ወጥቶ እንዲሰምጥ ነው።

አሁንም አልሰምጥ ካለ የማይዝግ ሹካ ይሰኩበትና ከሹካው ጋር ወደ ታች ይልቀቁት። ማታ ያስገቡ፣ ጠዋት ያውጡ። ዘሩና መሃሉ ተበልቶ ልጣጩ እንደ ቀለበት ብቻውን ሲቀር ያያሉ፤ ያ መልካም ምልክት ነው። ከ24 ሰዓት በላይ ግን አያቆዩት። ይሟሟል፣ ውኃውንም ያበላሻል።

ዝኩኒ ከጠፋ ምን ይሆናል? ዱባ ጥሩ ነው፤ ጠንካራ ስለሆነ አምስት ደቂቃ ያህል ይቀቅሉት። ኪያር ሳይነካ በጥሬው ይሆናል፤ ይወዱታል፣ ነገር ግን አብዛኛው ውኃ ስለሆነ ብዙ አያጠግብም። ፎሶሊያ ለሁለት ተሰንጥቆ ለብ ለብ ቢል ይበሉታል። ቆስጣም ይሆናል፤ በሳምንት አንዴ በቂ ነው። አተር ቅርፊቱ ተልጦ ለኮሪዶራስም ለፕሌኮም ይሰጣል። የመጀመሪያ ቀን ባይነኩት ተስፋ አይቁረጡ። ብዙ ዓሦች አዲስ አትክልት ምግብ መሆኑን ለመረዳት ሦስት አራት ሌሊት ይፈጅባቸዋል።

እንጀራና ዳቦስ? አይስጡ። ሁለቱም ውኃ ውስጥ ወዲያው ይፈርሳሉ፤ ፍርፋሪው አሸዋ ውስጥ ገብቶ ይበሰብሳል፣ ለዓሣ የሚሆን ንጥረ ነገርም ትንሽ ነው። ሥጋ ከወጥ ውስጥ አውጥቶ መስጠትማ ጭራሽ አይታሰብ፤ ቅባቱና ጨው ያለው በርበሬ ገንዳውን በአንድ ሌሊት ይመርዘዋል።

ለኦቶ ከዝኩኒ የተሻለ ዘዴ አለ፤ ወጪውም ባዶ ነው። ለስላሳ ድንጋዮችን ከምንጭ ወይም ከወንዝ ያምጡና በፈላ ውኃ ያጥቧቸው። ሲቀዘቅዙ አፈ ሰፊ ብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ይክተቱ። ውኃ ሲቀይሩ ከገንዳው የወጣውን አሮጌ ውኃ ይሙሉበት፤ ያ ውኃ ለአልጌ ማዳበሪያ አለው። ዕቃውን ፀሐይ የሚያገኝ መስኮት ላይ ያስቀምጡት። ከአሥራ አምስት ቀን ገደማ በኋላ ድንጋዮቹ አረንጓዴ ይለብሳሉ። አንዱን ገንዳው ውስጥ አስገብተው የተፋቀውን ወደ ዕቃው ይመልሱ። እንዲህ እያፈራረቁ ኦቶዎቹን በሚያውቁት ምግብ ማኖር ይቻላል።

አትክልት ብቻውን ግን አይበቃም። የተዘጋጀ እንክብልም መኖር አለበት። ከታች ላሉት የሚገዛው ወደ ወለሉ የሚሰምጠውና ቶሎ የማይፈርሰው ዓይነት ነው፤ ፍሌክ የሚባለው ላይ የሚንሳፈፍ ስስ ምግብ ለእነሱ የሚደርሰው እምብዛም ነው። ጣሳው ላይ የአልጌ ሥዕል መኖሩ ብቻ አያሳምንዎት። ከኋላው ያለውን ዝርዝር ያንብቡ። ይዘቱ የሚጻፈው ከሚበዛው ወደሚያንሰው ነው። መጀመሪያ የዓሣ ዱቄትና የስንዴ ዱቄት ተጽፎ አልጌው መጨረሻ ላይ ከመጣ፣ ለፕሌኮና ለኦቶ ያን ያህል አይደለም። ስፒሩሊና ወይም ሌላ አልጌ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ስሞች ውስጥ ያለበትን ይፈልጉ።

ስፒሩሊና ምንድን ነው? በሶዳማ ሐይቆች ውስጥ የሚበቅል፣ በአጉሊ መነጽር ካልሆነ ለየብቻው የማይታይ፣ እንደ ምንጭ ሽቦ የተጠማዘዘ አረንጓዴ ሕይወት ነው። ሲደርቅ ከግማሽ በላይ ክብደቱ ፕሮቲን ነው። እንግዳ ነገር እንዳይመስልዎት፤ ቢሾፍቱ አጠገብ ያለው አረንጓዴ ሐይቅ ቀለሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። ሻላ አጠገብ ባለችው ጭቱ ሐይቅም ይበቅላል፤ እዚያ የሚታዩት ትንሿ ፍላሚንጎ የሚባሉት ወፎች ውኃውን በመንቁራቸው እያጣሩ ይበሉታል። ዱቄቱን ለብቻው ካገኙ የተፈጨ አተርና ዝኩኒ ላይ አንድ ማንኪያ ጨምረው የራስዎን ምግብ መሥራት ይችላሉ። አንድ ብርጭቆ የተፈጨ አትክልት ያዘጋጁ፤ 20 ግራም ያህል ጣዕም የሌለው ጄላቲን (ፈሳሽን የሚያረጋ ዱቄት) በትንሽ ትኩስ ውኃ ያሟሙና ይቀላቅሉት። ስስ አድርገው ሳህን ላይ ያፍሱት፣ ፍሪጅ ውስጥ ይርጋ። ከዚያ ጥፍር በሚያህል መጠን ቆራርጠው በረዶ ቤት ያስቀምጡት። ሁለት ወር ይቆያል።

ለኮሪዶራስ ደግሞ ፕሮቲን ይበልጣል። የሚሰምጥ እንክብሉ የዓሣ ወይም የነፍሳት ዱቄት ከፊት የተጻፈበት ይሁን። በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ በረዶ የሆነ ቀይ የትንኝ እጭ ከተገኘ ደስ ይላቸዋል። ካልተገኘ ግቢዎ ውስጥ ያለው የምድር ትል ይተካዋል። መድኃኒት ካልተረጨበት መሬት ይቆፍሩ፣ እርጥብ ጨርቅ ውስጥ አንድ ቀን አቆይተው ሆዱ ውስጥ ያለውን አፈር እንዲጥል ያድርጉ፣ አጥበው በደቃቁ ይቁረጡት። ለአምስት ስድስት ኮሪዶራስ አንድ ቀጭን ትል ለአንድ ማታ ይበቃል። ይህ ምግብ ለፕሌኮና ለኦቶ አይሆንም ማለት ሳይሆን፣ ዘወትር ከተሰጣቸው ረጅሙ አንጀታቸው ይታወካል።

ብሪስልኖዝ ካለዎት ገንዳው ውስጥ እንጨት ይኑር። በውኃ የሰነበተ፣ ሙጫ የማይተፋ ደረቅ ጉቶ ነው የሚፈለገው። እንጨቱን ይፍቀዋል፣ በላዩ የሚበቅለውን ልባጥም ይበላል፣ ቀን ቀንም ሥሩ ይደበቃል። ባሕር ዛፍና ጥድ ዘይታቸውን ስለሚለቁ አያስገቡ።

መቼ ልስጣቸው? ይህ ከምግቡ ዓይነት ያላነሰ ጉዳይ ነው። ከታች ከሚውሉት አብዛኞቹ የሚነቁት ሲመሽ ነው። ጠዋት የሚጣል እንክብል ወደ ወለሉ ሳይደርስ ከላይ ያሉት ፈጣን ዓሦች ይቀሙታል። ስለዚህ መጀመሪያ ከላይ ያሉትን በገንዳው አንደኛው ጫፍ ይመግቧቸው። እነሱ እዚያ ሲሻሙ በሌላው ጫፍ እንክብሉን ወደ ታች ይልቀቁ። ከዚህ የሚሻለው ደግሞ መብራቱን አጥፍቶ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ነው። መብራትዎ ለምሳሌ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት የሚበራ ከሆነ፣ የእነሱ እራት 4 ሰዓት ተኩል ላይ ይሁን። እንክብሉ አሸዋ ላይ ተበትኖ እንዳይቀር ትንሽ ሳህን ወለሉ ላይ አስቀምጠው በፕላስቲክ ቱቦ ወደ ሳህኑ ማውረድ ይቻላል። ጠዋት የተረፈውን ለማውጣትም ሳህኑ ያመቻል።

ስንት ልስጥ? ለአንድ ትልቅ ብሪስልኖዝ አንድ እንክብል ለአንድ ሌሊት ይበቃል፤ ዝኩኒ በተሰጠበት ሌሊት እንክብሉ ይቅር። ለኮሪዶራስ ለእያንዳንዱ አንድ ወይም ሁለት ትናንሽ ፍሬ ይጀምሩና ይመልከቱ። ሁለት ሦስት ሰዓት ቆይቶ የተረፈ ካለ በማግስቱ ይቀንሱ። ምንም ካልተረፈና ሆዳቸው ካልሞላ ይጨምሩ። ሆድ ዋናው መለኪያ ነው። መስታወት ላይ ተጣብቀው ሲያዩዋቸው ሆዳቸው ቀለል ብሎ ክብ ሊል ይገባል። ወደ ውስጥ የገባ ሆድ ረሃብ ነው። የፕሌኮ ዓይን ወደ ውስጥ ሲሰጥም ረሃቡ ከርሟል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ በየሌሊቱ ሳያቋርጡ ይመግቡት።

ከልክ በላይ መስጠትም ዋጋ ያስከፍላል። የተረፈ ምግብና ኩስ ሲበሰብሱ አሞኒያ ይወጣቸዋል። አሞኒያ የዓሣን ስንጥብ የሚያቃጥል መርዝ ነው። በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ናይትራይት ወደሚባል ሌላ መርዝ፣ ቀጥሎም ናይትሬት ወደሚባል ብዙም ወደማይጎዳ ነገር ይለውጡታል። ናይትሬቱ ሲጠራቀም ደግሞ አልጌ ይበቅልበታል። አልጌ በዛ ብለው አልጌ በል ዓሣ ቢጨምሩ ተጨማሪ ኩስ ይመጣል፤ አልጌውም አይቀንስም። መፍትሔው ምግቡን መመጠን፣ በየሳምንቱ ከውኃው ሩብ ያህሉን ከወለሉ በቱቦ እየሳቡ መቀየር ነው። አዲሱ የቧንቧ ውኃ ክሎሪን (ጀርም ለመግደል የሚጨመር ኬሚካል) ስላለው ክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ይጨምሩበት፤ ጠብታ ከሌለዎት ክፍት ባልዲ ውስጥ ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ ያሳድሩት። ውጭ አገር ያላችሁ አንባቢዎች ግን በአንዳንድ ከተሞች ክሎራሚን የሚባል ዓይነት ስለሚጨመር፣ እሱ በማሳደር አይጠፋምና ጠብታው የግድ ነው።

የአዲስ አበባ ብርድም በአመጋገቡ ላይ ይገባል። ዓሣ የራሱ ሙቀት የለውም፤ ውኃው ሲቀዘቅዝ አንጀቱም ይዘገያል። ለአብዛኞቹ ከ22 እስከ 26 ዲግሪ የሚስማማ ሲሆን፣ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ማሞቂያ የሌለው ገንዳ ከዚያ በታች ይወርዳል። ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ የተጣለ ምግብ ሳይበላ ይበሰብሳል። ማሞቂያ ማስገባት ካልቻሉ «ፔፐርድ» የሚባለውን ነጠብጣብ ኮሪዶራስ ይምረጡ፤ ከደቡብ አሜሪካ ቀዝቀዝ ካለው ክፍል የመጣ ስለሆነ 18 ዲግሪ ድረስ ይችላል።

ወጪውን እናስላ። ገበያው ስለሚለዋወጥ ብር አልጽፍልዎትም፤ ስሌቱን ግን እነሆ። 100 ዋት ማሞቂያ ከቀኑ ግማሹን ቢሠራ በቀን 1.2፣ በወር 36 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል፤ ኪሎዋት ሰዓት የመብራት ቢልዎ የሚቆጠርበት መለኪያ ነው። 5 ዋት ማጣሪያ ሌት ተቀን ሠርቶ በወር 3.6 ብቻ ነው። እንግዲህ ከፍተኛው ወጪ ሙቀቱ ነው። ምግቡን በተመለከተ፣ 100 እንክብል ያለበት ጣሳ በሳምንት አራት ቢወጣለት 25 ሳምንት ይሄዳል። ትልቁን ጣሳ በርካሽ ከመግዛት ትንሹን መግዛት ይሻላል፤ ከተከፈተ ከስድስት ወር በኋላ ቪታሚኑ እየጠፋ ይሄዳልና። ጣሳው ደረቅና ጨለማ ቦታ ይቀመጥ፣ እርጥብ እጅ አይግባበት። አንድ መካከለኛ ዝኩኒ አሥር ቁራጭ ይወጣዋል፤ ለብ ለብ አድርገው በረዶ ቤት ካስቀመጡት በሳምንት ሁለቴ እየሰጡ አምስት ሳምንት ያደርስዎታል።

መብራት ሲጠፋ አይመግቡ። ማጣሪያው ቆሟል፣ ውኃው አይናወጥም፣ በውስጡ ያለው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ የሚበሰብስ ምግብ ደግሞ የቀረውንም ይሻማል። ኮሪዶራስ አንዳንዴ ወደ ላይ ተስፈንጥሮ አየር ጎርሶ ይመለሳል። አየሩን በአንጀቱ ስለሚጠቀምበት ይህ ጤነኛ ጠባዩ ነው። ደጋግሞ ሲመላለስ ካዩት ግን ኦክስጅን አንሷል። ውኃውን በጆግ እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሰው ያፍስሱ፤ ሲወርድ አየር ይዞ ይገባል።

ተራ ፕሌኮ ገዝተው አድጎ ገንዳው ከጠበበው ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ አይልቀቁት። በሜክሲኮ ኢንፊየርኒዮ በሚባለው የግድብ ሐይቅ ፕሌኮዎች ተራብተው የቲላፒያ አጥማጆችን መረብ ሞልተውታል፤ ቲላፒያ እኛ ቆሮሶ የምንለው ነው። ዝዋይ ወይም ሐዋሳ እንዲህ ዓይነት ነገር ቢገባ ዋጋውን የሚከፍለው በቆሮሶ የሚተዳደረው አጥማጅ ነው። ሱቁ መልሶ ይወስደው እንደሆነ ይጠይቁ፤ ካልሆነ ትልቅ ገንዳ ላለው ሰው ይስጡት።

የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ በበዓል ሰሞን የሚመጣ ነው፦ «ለፋሲካ አገር ቤት ልሄድ ነው፤ ማን ይመግባቸው?» ጤነኛና ሆዱ የሞላ ትልቅ ኮሪዶራስ ወይም ብሪስልኖዝ አምስት ስድስት ቀን ሳይበላ ይቆያል፤ እንጨትና ልባጥ ካለው ደግሞ አይቸገርም። ኦቶና ገና ያልጠኑ ትናንሽ ዓሦች ግን ይህን አይችሉም። ለኦቶ ከመሄድዎ በፊት አልጌ የለበሱትን ድንጋዮች በሙሉ ገንዳው ውስጥ ያስገቡ። ጎረቤት እንዲመግብልዎ ካስቸገሩ፣ የእያንዳንዱን ማታ ምግብ በትንሽ ወረቀት ጠቅልለው ቀኑን ይጻፉበት። አንድ ጥቅል ለአንድ ማታ መሆኑን ይንገሩ፤ የቀረውን ጣሳ ከዓይን ራቅ ያድርጉት። ዓሣ የማያውቅ ሰው ወደ መስታወቱ ሲመጡ የሚያያቸው ዓሦች ሁልጊዜ የራባቸው ስለሚመስለው እፍኝ ሙሉ ይጨምርባቸዋል። ሲመለሱ መጀመሪያ የወለሉን ውኃ በቱቦ ስበው ሩቡን ይቀይሩ፣ ያን ማታ ዝኩኒ ብቻ ያስገቡ፣ እንክብሉን በማግስቱ ይጀምሩ።